የኮማንደር የማታ መንገድ

ሥራ ቦታ የሚጠሯት «ኮማንደር» እያሉ ነው። ከፖሊስ ጋር ግን ምንም ዝምድና የላትም፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ስሙ የወጣላት በትእዛዝ ብዛት ነው። ትእዛዙንም የምትሰጠው ለሰው ሳይሆን ለራሷ ነበር።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አምስት የኪራይ ክፍሎች መጨረሻዋ የእሷ ናት፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው የእኔ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መኖሪያዬም መሥሪያዬም ያችው አንድ ክፍል ናት። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷም ሳታየኝ «ያኑርሽ» ትለኛለች።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ አርባ አምስት ቁጥር ጫማ የሚያደርግ ሰው። እሷ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገብታ ማታ ሦስት ተኩል ነው ከሥራ የምትወጣው። አራት ሰዓት ላይ ከአውቶብስ ስትወርድ እሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቦርሳዋን ይቀበላትና ምንም ሳይነጋገሩ አብረው ይመጣሉ። ሦስት ወር ታሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የብቻዋ ሆነ።

ከፌርማታው እስከ ግቢያችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አብዛኛው በአንድ የጣውላ መጋዘን ግንብ ጥግ የሚያልፍ ሲሆን በሌላው በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ከሦስቱ የመብራት ምሰሶዎች የሚሠራው አንዱ ነው። ባሏ በሞተ በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማታ እዚያ ስታልፍ ከቦዩ ውስጥ የወጣት ሴት ድምፅ ጠራት። «እትዬ! እትዬ፣ በሞትሽ፣ እግሬ ተሰበረ!» እሷም ሰው ናትና ወረደች። ልጅቷ እግሯ አልተሰበረም። ሁለት ወንዶች ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳዋን ወሰዱ፣ ሦስት የፊት ጥርሷን አወለቁ፣ ልጅቷ ደግሞ እንዳትጮህ አፏን ይዛ ቆየች።

«እጇ የሳሙና ሽታ ነበረው» አለችኝ በነጋታው፣ ከንፈሯ አብጦ። «ታጥባ ነው የመጣችው። ጥርሴስ ይሁን፤ እንደ ልጄ አይቼ ብወርድላት እሷ ናት ያመመችኝ።»

ትእዛዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውቶብሱ አንድ ፌርማታ ሲቀረው ከኋላ የሚጎትት እንዳያገኝ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። መታወቂያዋ ካልሲዋ ውስጥ ይገባል። የቤቷ ቁልፍ ቀኝ እጇ ላይ ነው፣ ጥርሱ በጣቶቿ መካከል ወጥቶ። በር ላይ ቆሞ ቦርሳ መበርበር የለም። ግንብ ጥግ አትሄድም፤ መንገዱን መሃል ለመሃል ትሰነጥቀዋለች። «መኪና ቢገጭሽስ?» ስላት «መኪና ቢያንስ መብራት አለው» አለችኝ። ሰው ከኋላዋ ከመጣ ወደ ግቢው አትገባም። የእሷ ቤት እንዳልሆነ ሁሉ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ትሄድና፣ ሰውየው ሲያልፍላት ትመለሳለች።

በሯ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ኧረ ክፈት አንተ ሰውዬ፣ እንቅልፍህ የድንጋይ ነው እንዴ!» ትላለች። ከፋች የለም። የሟቹ ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ የሚያደርገው ሰው ያለ እንዲመስል ቦታውን ትቀያይረዋለች፣ መንገዱ ሲጨቀይ ጭቃ ታስነካዋለች። ሸሚዙንም ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሌሎቹ ተከራዮች መጀመሪያ አበደች ብለው ነበር። ኋላ ግን የሦስተኛው ክፍል ነርስም በሯ ላይ የወንድ ጫማ አስቀመጠች።

ከገባች በኋላ ሁሉም ነገር በድምፅ ይሰማኛል። የበሩን መወርወሪያ ትወረውራለች፤ አልጋዋ ሥር በመጥረጊያ እንጨት ትጎረጉራለች፤ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ትዘጋለች። ከዚያ ጠረጴዛዋን እየጎተተች በሩን ታስደግፋለች፣ እግሩ ሲሚንቶውን ሲፍቀው ጥርሴን ያመኛል። በመጨረሻ ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች። ደርሻለሁ ማለቷ ነው። እኔም ሁለቴ መልሼላት እተኛለሁ።

ከሁሉ የጠበቀው ትእዛዝ ግን ይኸኛው ነበር፦ ማታ ድምፅ ብትሰማ አትዞርም፤ ማንም ቢጠራት አትቆምም።

«የምታውቂው ሰው ቢሆንስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የማውቀው ሰው ቤቴን ያውቃል። ይምጣና ያንኳኳ።»

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ጥርሷን አይቼ ነበርና።

ሥራ ቦታዋ ደግሞ አንዲት ወጣት ነበረች፣ የካውያ ክፍል ሠራተኛ። አንሶላ፣ የሐኪም ካፖርትና የቀዶ ጥገና ልብስ ትተኩሳለች፤ ስለዚህ ተኳሿ ትባላለች። የልብስ ማጠቢያው ሰዎች ቀልድ አይቸግራቸውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገቡ ባዩ ቁጥር «ኮማንደርም ተኳሽም ከመጡልን እንግዲህ ጠላት ይምጣ!» ይሉ ነበር።

ተኳሿ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ለፍላፊ፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ የምትጥል። ከእናቷ ጋር ከግቢያችን ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ቤት ስትከራይ፣ ከኮማንደር ጋር በአንድ አውቶብስ መመላለስ ጀመሩ። ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር አብረው ሄዱ። ያ ዓመት ለኮማንደር እፎይታ ነበር። በግድግዳው በኩል ሳቃቸው ቀድሞ ይደርሰኝ ነበር። ተኳሿ በሩ ድረስ ሸኝታት «እትዬ፣ ባልሽ ዛሬም አኩርፎ ነው የማይከፍትሽ?» ትላታለች። ሌላ ሰው ቢለው ጠብ ነው፤ ከእሷ ሲሆን ግን ኮማንደር ራሷ ትስቃለች። «ተይው፣ አመሉ ነው» ትላለች።

በትእዛዙ ግን አትስማማም ነበር። «አንቺ እኮ ሌባ ሳይመጣ ራስሽን አስረሻል» ትላታለች። «ሰው ሁሉ እንዳንቺ አንገቱን ደፍቶ ካለፈ ማን ለማን ይደርሳል?»

«ጥርስሽ ሙሉ ነው፣ ተናገሪ» ትላታለች ኮማንደር።

ሐሙስ ቀን ነበር። ከማምሻው ላይ የልብስ ማጠቢያው ቦይለር ተበላሸ። እንፋሎት ከሌለ መተኮስ የለም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው የካውያ ክፍሉን ከመውጫው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አሰናበተ። አጣቢዎቹ ግን ማሽን ውስጥ የገባውን መጨረስ ነበረባቸው።

«ልጠብቅሽ እትዬ?» አለች ተኳሿ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ።

«ቁጭ ብለሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሂጂ፣ በጊዜ ግቢ» አለቻት ኮማንደር፣ እጇ እስከ ክርኗ በአረፋ እንደተዋጠ።

ተኳሿ ሄደች። ፌርማታው ላይ ወርዳ ግን ቀጥታ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት አልቆ ስለነበር መድኃኒት ቤት ገባች። ሰልፍ ነበር። ከዚያ ስትወጣ በእሷና በኮማንደር መካከል የቀረው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው። ይህን ሁለቱም አያውቁም።

ኮማንደር ብቻዋን ወረደች። ሻርፗን ፈታለች፣ ቁልፉ እጇ ላይ ነው። የጣውላው መጋዘን ግንብ አጋማሽ፣ መብራቱ የጠፋበት ቦታ ላይ ስትደርስ ከቦዩ በኩል «እትዬ!» የሚል ሰማች። ደግሞም «እትዬ!» ሦስተኛው ግን ቃሉ ሳያልቅ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«እግሬ ቆሞ ነበር» አለችኝ ኋላ። «አልዋሽሽም፣ አንድ እርምጃ ያህል ቆሟል። ከዚያ የዚያች ልጅ እጅ፣ ያ የሳሙና ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ተኳሿ እቤቷ ገብታ ተኝታለች ብዬ ነው የማስበው። ማን ይጠራኛል ታዲያ? ያው እነሱ ናቸው አልኩ። ሮጥኩ።»

ገባች። መወርወሪያው፣ መጥረጊያው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ጠረጴዛው። ሁለቴ አንኳኳች። ሁለቴ መለስኩላት።

በማግስቱ ንጋት ላይ የመጋዘኑ ጥበቃ ሽንቱን ሊሸና ወጥቶ ተኳሿን ቦዩ ውስጥ አገኛት። ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል እዚያ ተኝታለች። የቀኝ ትከሻዋ ከቦታው ወጥቶ አጥንቱ ተሰብሯል፣ ራሷ ተፈንክቷል። ሌላም አድርገውባታል፤ እሱን ማውራት የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም። የመድኃኒቱ ፌስታል አጠገቧ ወድቆ ነበር፤ እሱን እንኳ አልወሰዱትም።

ኮማንደር ይህን የሰማችው ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ስትገባ ነው። የካውያ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ተቆጣጣሪው ሠራተኞቹን ሰብስቦ ነገራቸው።

«የት ነው የተገኘችው?» ብላ ጠየቀች።

«መጋዘኑ ጋ፣ ቦይ ውስጥ።»

የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ወዳጇ ስለሆነች ነው ብለው ውሃ ሰጧት፣ ፊቷን አራገቡላት። ውሃውን ይዛው ቀረች እንጂ አልጠጣችም።

ተኳሿ የተኛችው እዚያው ሆስፒታል ነበር። የሴቶች ቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር አለው። ኮማንደር ያን ሳምንት ሰማያዊ ክር ያለበትን ከረጢት ለማንም አልሰጠችም። ራሷ ፈታ፣ ራሷ ለይታ፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት በእጇ ታሸው ነበር። የቱ የማን አንሶላ እንደሆነ አታውቅም፤ ሁሉንም አሸችው።

በአራተኛው ቀን ልትጠይቃት ገባች። እናትየው አልጋው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ተነሥተው አቅፈው ሳሟት። «አንቺ አብረሻት ብትሆኚ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር» አሉ። ሊያጽናኗት ብለው ነው።

ተኳሿ ጣራ ጣራውን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። «ሰው አልፏል። ኮቴ ሰምቻለሁ። ጠርቻለሁ። ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።»

ኮማንደር ያመጣችውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ያን ማታ በግድግዳው በኩል ሳይሆን በበሬ መጣች። የምሰፋው ቀሚስ መርፌው ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እኔ የመለስኩላትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «አትንገሪያት» አልኳት። «ምን ይጠቅማታል? ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ያለፈውን አለፈ በይው።»

«አለፈ አይደለም፤ አለፍኩ ነው» አለችና ወጣች።

እኔ ያን ዕለት ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። ሐሙስ ማታ ኮማንደር ከመግባቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ስፌት ላይ ሆኜ ከመጋዘኑ በኩል ጩኸት ሰምቻለሁ። መርገጫውን አቁሜ አዳመጥኩ። ሰካራም ነው አልኩ፣ ደግሞም ውሻ ነው አልኩ። ከዚያ ማሽኑን መልሼ ረገጥኩት፤ ሲረገጥ ሌላ ነገር አያሰማም።

በነጋታው ኮማንደር ሆስፒታል ሄዳ ተናገረች። እናትየው ባሉበት፣ ቆማ። «ኮቴው የእኔ ነው። ወጥመድ መስሎኝ ነው። አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም፤ ግን ሰው መሆኑን አውቄያለሁ።»

ተኳሿ «ዓመት ሙሉ አብሬሽ ሄጃለሁ እትዬ። አረማመድሽን አላውቀውም?» አለች። «እንዲያ የጠራሁት አንቺ መሆንሽን ስላወቅኩ ነው። ትናንት ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናትየው ቀስ ብለው ተነሡ። ድምፃቸውን አላነሡም። «ውጪልኝ» አሉ። «ብርቱካንሽንም ይዘሽ።»

ከዚያ ወጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ትሁት ልጅ ነበር፣ ወንበር ሰጣት።

«ሰዎቹን አይተሻቸዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብ?»

«ሰምታ አለፈች ብለህ መዝግብ።»

«እሱ እኮ ወንጀል አይደለም፣ እናቴ» አላት። ቢሆንላት ይሻላት ነበር። ቢያንስ የሚያልቅ ቅጣት ይኖረው ነበር። ሰዎቹም አልተገኙም። አንዱን ይዘው ሁለት ቀን አሳድረው ለቀቁት።

የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች ለማታ ፈረቃ የሰርቪስ መኪና ይመደብልን ብለው ደብዳቤ ጻፉ። አስተዳደሩ «ይታያል» አለ። ከሳምንት በኋላ መኪናው ሳይሆን ማስታወቂያ መጣ። በር ላይ ተለጠፈ፦ ሠራተኞች ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ቁልፋቸውን አስቀድመው እንዲያዘጋጁ፣ ጨለማ ቦታ እንዳይሄዱ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዳይነጋገሩ፣ የመሳሰለው። ኮማንደር ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንድም የማታደርገው ነገር አልነበረበትም። ቀልድ ይወዱ ከነበሩት የሥራ ጓደኞቿ ያን ቀን «አንቺ ነሽ ወይ የጻፍሽው?» የሚላት አልተገኘም። እነሱም ማለፏን ሰምተው ነበርና።

ከዚያ አንድ ነገር ጀመረች። ከአውቶብስ ትወርድና ወደ ቤት አትሄድም፤ ፌርማታው ላይ ትቆማለች። ሻርፗ አንገቷ ላይ ነው። ብቻዋን የወረደች ሴት ካየች «ወዴት ነሽ? ልሸኝሽ» ትላለች። የሚቀጥለውን አውቶብስ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ትጠብቃለች። ሴቶቹ ግን ይሸሿት ነበር። አስቡት፦ ጨለማ ውስጥ የቆመች፣ የፊት ጥርስ የሌላት፣ የማትታወቅ ሴት «ነይ አብረን እንሂድ» ስትል ማን ይከተላታል? አንዷ መንገድ አቋርጣ ሮጠች። ሌላዋ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገብታ «ውጭ አንዲት ሴት አለች» ብላ ተናገረች። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ፣ ከቦርሳዋ ድንጋይ አውጥታ ወረወረችባት። ቅንድቧ ላይ አገኛት።

ደሟ እየፈሰሰ በሬን አንኳኳች። በጨርቅ ይዤላት ተቀመጥን።

«ልክ ናት» አለች። «እኔም እወረውር ነበር። ድንጋዩን ከቤቷ ይዛው ነው የወጣችው፣ ለስላሳ ነው፣ መርጣ ያነሣችው ነው።» ልጅቷን እያመሰገነች ይመስል ነበር።

ያኔ ነው የራሴን የነገርኳት። ጩኸቱን፣ መርገጫውን፣ ሁሉንም። ጨርቁን ከቅንድቧ አንሥታ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«እንግዲያው ሁለት ሆነን ነው የተኛነው» አለች።

ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ግን ያን ሰሞን ፌርማታው ድረስ እየሄድኩ ከጎኗ መቆም ጀመርኩ። ሁለት ሲሆኑ ሰው ትንሽ ያምናል። በሁለት ወር ውስጥ አብረውን ለመሄድ እሺ ያሉት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንዷ ሦስት ጊዜ መጣች፣ ከዚያ ቤት ቀየረች። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴን አመመኝና ቀረሁ። እሷም ብቻዋን ጥቂት ቀን ቆማ ተወችው።

ተኳሿ ከሆስፒታል ስትወጣ እጇ ከደረቷ በላይ አልነሣ አለ። ካውያ መያዝ አትችልም፤ ሆስፒታሉም ሌላ ሥራ አልሰጣትም። ታላቅ ወንድሟ መኪና ይዞ መጥቶ እሷንና እናቷን ወደሚኖርበት ከተማ ወሰዳቸው። ዕቃ ሲጫን ኮማንደር ከመታጠፊያው ላይ ቆማ አየች፤ አልቀረበችም። እኔ ሄጄ ፍራሽ አሸከምኳቸው። እናትየው ሲሰናበቱኝ ስለ እሷ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ኮማንደር የቀን ፈረቃ ጠየቀች። የቀን ፈረቃ የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሰው የሚሸሸው፣ የቆሸሸው ልብስ የሚለይበት ክፍል። ፋሻ፣ ትውከት፣ አንዳንዴ አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ። «እሺ» አለች። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳለች ትገባለች። ጫማው ከበሩ ላይ ተነሥቷል። በሩን ከፍታ ስትገባ ለማንም አትጮህም። ጠረጴዛው ግን አሁንም ይጎተታል።

እሑድ እሑድ ለተኳሿ ትደውላለች። አይነሣም። አንድ ጊዜ እናትየው አንሥተው «አትደውይ» ብለው ዘጉት። ቀጥሎ ባለው እሑድ ደወለች። ቀጥሎም።

ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት ተቀምጣ የምሰፋውን ልብስ ጠርዝ እየፈታች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ቆመች። ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማ ነበር፣ ስልኳ አሮጌ ነው።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«እጄ ትንሽ ትንሽ መነሣት ጀምሯል። ልነግርሽ ብዬ ነው።»

«ጎሽ» አለች ኮማንደር።

«ይቅር አላልኩሽም። እልሽ እንደሆነም አላውቅም። ዝም ብለሽ እሑድ በመጣ ቁጥር አትደውይ፣ እናቴን ያማታል።»

«መቼ ልደውል?»

«እኔ እደውላለሁ» አለች ተኳሿ፣ «ከቻልኩ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮማንደር ቁጭ ብላ መቀሱን አነሣች። የት ጋ እንደደረሰች ጠፍቷት ስለነበር የጠርዙን መጀመሪያ አሳየኋት።